የማናውቃቸው ዋሶች፦ በፕሮግራም ውስጥ ስለሚደበቁ ጥገኝነቶች

ይህ ጽሑፍ በጅማ ከተማ ለሶፍትዌር ተማሪዎችና ሥራ ለጀመሩ ወጣት ባለሙያዎች በቃል ያቀረብሁት ንግግር ነው። በጽሑፍ ሳሰናዳው በጥያቄው ሰዓት የተነሡትን ጉዳዮች በየቦታቸው አስገብቼ አንዳንዱን አስፋፍቼዋለሁ።

የተከበራችሁ ተማሪዎችና የሙያ ባልደረቦቼ፣

በኅዳር ወር 2014 ዓ.ም.፣ የቡና ለቀማው በደመቀበት ሰሞን፣ ከጅማ ከተማ ወጣ ብሎ ከሚገኝ አንድ የእሸት ቡና መረከቢያ ጣቢያ ስልክ ተደወለልኝ። የደወለችው የጣቢያው የሒሳብ ሠራተኛ ነበረች። «ወንድሜ፣ ፕሮግራምህ አልከፈት ብሎኛል፤ ገበሬው እሸቱን ተሸክሞ ሚዛኑ ፊት ቆሟል» አለችኝ። እሸት ቡና የሚያቆዩት ነገር እንዳልሆነ በዚህ አገር ላደገ ሰው መንገር አያስፈልግም፤ ለመታጠብ የተለቀመ ቡና ቶሎ ካልተፈለፈለ በጆንያው ውስጥ መብላላት ይጀምርና ጥራቱ ይወርዳል፤ ጥራቱ ሲወርድ ደግሞ የገበሬው ዋጋ ይወርዳል።

ፕሮግራሙን የጻፍሁት እኔ ነኝ። የገበሬዎችን መዝገብ አንብቦ፣ የተመዘነውን ኪሎ መዝግቦ ደረሰኝ የሚያትም፣ በፓይተን ቋንቋ የተሠራ አነስተኛ ፕሮግራም ነበር፤ ሁለት የለቀማ ወቅት ያለ እንከን አገልግሏል። በዚያ ሳምንት አሮጌው ላፕቶፕ ተበላሽቶ አዲስ ተገዝቶ ነበር፤ አንድ ወጣት ባለሙያም ያስፈልጋሉ ብዬ የጻፍኋቸውን ፓኬጆች፣ ማለትም ሌሎች ጽፈው ያዘጋጇቸውን የኮድ ጥቅሎች፣ ከዝርዝሬ ላይ እያነበበ አንድም ሳያስቀር ጭኖበታል። ወጣቱ ምንም አላጠፋም። በስክሪኑ ላይ የወጣው መልእክት «ቻርዴት» የሚባል ሞጁል (በስሙ የሚጠራ የኮድ ክፍል) አልተገኘም ይላል፤ ቻርዴት ደግሞ በሰጠሁት ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። በኮዴ ውስጥ ግን ነበረ፤ በአራተኛው መስመር ላይ፣ በራሴ እጅ የገባ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዝርዝሬ ውስጥ «ሪኩዌስትስ» የሚባለው፣ ከሰርቨር ጋር ለመነጋገር ብዙዎቻችን የምንጠቀምበት ላይብረሪ ነበረበት። ይህ ላይብረሪ ከሰርቨር የመጣለት ጽሑፍ በምን ዓይነት የፊደል ኮድ እንደተጻፈ ለመገመት እንዲረዳው ቻርዴትን ለራሱ ጉዳይ ይዞ ይመጣ ነበር። እኔም ቻርዴት ከኮምፒውተሬ ላይ መኖሩን አይቼ፣ ማን እንዳመጣው ሳልጠይቅ ለራሴ ሥራ ጠራሁት፤ እርሱም ታዘዘኝ። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2021 በወጣው የ2.26 ስሪት የሪኩዌስትስ ጸሐፊዎች ቻርዴትን ትተው «ቻርሴት ኖርማላይዘር» በሚባል ሌላ ፓኬጅ ተኩት። ይህን ማድረግ ሙሉ መብታቸው ነበር፤ ቻርዴትን እንደሚያቆዩልኝ ቃል የገቡልኝ ነገር የለም። በአሮጌው ላፕቶፕ ላይ የቀድሞው ስሪት ስለነበረ ስሕተቴ ተሸፍኖ ቆየ። አዲሱ ላፕቶፕ ገለጠው። በዚያ ቀን የሒሳብ ሠራተኛዋ የቡናውን ኪሎ በእጅ ስትመዘግብ ዋለች፤ ዛሬ ይህን ርእስ ይዤ በፊታችሁ የቆምሁትም በዚያ ቀን ምክንያት ነው።

በዕቁብ ወግ ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ከመቀበሉ በፊት ዋስ ይጠራል። ዳኛውና ጸሐፊው ዋሱን አይተው፣ አውቀው፣ ስሙን በመዝገብ ያሰፍራሉ። ዋሱ ራሱ በሌላ ሰው ገንዘብ የሚኖር ቢሆን ግን የዕቁቡ ደኅንነት የሚመሠረተው በመዝገቡ ላይ ስሙ በሌለ፣ ማንም ባልጠራውና ማንም በማያውቀው ሰው ላይ ነው። ያ ሰው አገር ጥሎ ቢሄድ ዕቁቡ ይናጋል፤ መዝገቡን ገልጦ ምክንያቱን የሚፈልግ ሰውም አያገኘውም። እኔ «ስውር ጥገኝነት» የምለው ይህንን ነው፦ ፕሮግራሙ እንዲሠራ የግድ የሚያስፈልግ ሆኖ ሳለ፣ ኮዱን ወይም ዝርዝሩን የሚያነብ ሰው ሊያየው በሚችልበት ቦታ ያልተጻፈ ነገር ሁሉ። ጥገኝነት በራሱ ነውር የለበትም፤ ሰውም ፕሮግራምም ያለሌላው አይኖርም። እኔን የሚያሳስበኝ መዝገብ ላይ አለመኖሩ ነው።

ስውሩን ለማየት አስቀድሞ ግልጹን ማወቅ ይገባል። የኢምፖርት መስመር፣ ማለትም ሌላ ሞጁልን ወደ ፋይላችን የሚጠራ መስመር፣ ስንጽፍ ምን ይሆናል? በፓይተን ቋንቋ ያች አንዲት መስመር በርከት ያለ ሥራ ትሠራለች። በመጀመሪያ ሞጁሉ ከዚህ በፊት ተጭኖ እንደሆነ «ሲስ ሞጁልስ» በሚባል ሰንጠረዥ ውስጥ ታያለች፤ ካገኘችው ያንኑ ትሰጠናለች። ካላገኘችው «ሲስ ፓዝ» በሚባል ዝርዝር የተጻፉትን አቃፊዎች በቅደም ተከተል ትፈትሻለች። ፋይሉን ስታገኝ በሰንጠረዡ ውስጥ ቦታ ትይዝለታለች፤ ከዚያም የፋይሉን ኮድ ከላይ እስከ ታች ታስኬደዋለች፤ በመጨረሻም የሞጁሉን ስም በእኛ ፋይል ውስጥ ታስቀምጣለች። ከእነዚህ እርምጃዎች እያንዳንዱ የሚደበቅ ጥገኝነት ሊያስገባ ስለሚችል አንድ በአንድ ብናያቸው አይባክንም።

የፍለጋውን ነገር ባጭሩ ልለፈው፤ አብዛኞቻችሁ ደርሶባችኋልና። በሲስ ፓዝ ዝርዝር መጀመሪያ ላይ የሚገኘው የምናስኬደው ፋይል የተቀመጠበት አቃፊ ነው። ስለ ዕጣ ቁጥር የሚለማመድ ተማሪ የልምምድ ፋይሉን «ራንደም» ብሎ ቢሰይመው፣ በዚያው አቃፊ ውስጥ ያለ ሌላ ፕሮግራም ራንደምን ሲጠራ ከፓይተን ጋር የመጣው ሞጁል ሳይሆን የተማሪው ልምምድ ይመጣለታል። የስሕተቱ መልእክት ስለ ሌላ ነገር ስለሚናገር ተማሪው ቀኑን ሙሉ ኮዱን ሲያርም ይውላል፤ የታመመው ግን የፋይሉ ስም ነው።

የበለጠ የሚያሳስበው ኮዱን ማስኬዱ ነው። ሞጁል መጫን ማለት በፓይተን ያንን ሞጁል ማስኬድ ማለት ስለሆነ፣ በፋይሉ አናት ላይ ዳታቤዝ የሚከፍት፣ ፋይል የሚያነብ፣ ከኔትወርክ የሚገናኝ መስመር ካለ፣ ሞጁሉን ስሙን ብቻ ፈልገን ብንጠራው እንኳ ያ ሁሉ ይሆናል። እንዲህ የሚያደርግ ሞጁል ጥገኝነቱን ከሞጁል ወደ አካባቢ ያሰፋዋል፤ ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት የገጠር ጣቢያ ፕሮግራሙ አንዲት ኪሎ ሳይመዝን ከደጃፍ ይወድቃል። የእኔ ምክር ጥብቅ ነው፦ በሞጁል አናት ላይ ስሞችንና ትርጓሜዎችን ብቻ እናስቀምጥ፤ ሥራ የሚሠራውን ሁሉ በፈንክሽን (በስሙ ሲጠራ በሚሠራ የኮድ ቁራጭ) ውስጥ አድርገን፣ የሚፈልገው ሰው ሲጠራው ብቻ እንዲሠራ እናድርግ።

አሁን ወደ ሰንጠረዡ ልመለስ፤ ከሁሉ ይልቅ ረቂቁ ስውር ጥገኝነት ያለው እዚያ ነውና። በፓይተን «ኢምፖርትሊብ» የሚባል ፓኬጅ አለ፤ በውስጡም «ዩቲል» የሚባል ንዑስ ሞጁል። አንድ ሰው ኢምፖርትሊብን ብቻ ጠርቶ ወዲያው ወደ ዩቲል ቢገባ አንዳንድ ጊዜ ይሠራለታል፤ ሌላ ጊዜ ዩቲል የሚባል ነገር የለም ይባላል። የሠራለት በፕሮግራሙ ውስጥ ያለ ሌላ ሞጁል፣ በራሱ ምክንያት፣ ዩቲልን አስቀድሞ ጭኖት ስለነበረ ነው። ሰንጠረዡ የጋራ በመሆኑ የአንዱ ጥሪ ለሌላው ደረሰው። ያ ሌላ ሞጁል ነገ ልማዱን ቢቀይር፣ አንድም መስመር ያልተነካው የእኛ ፋይል ይሰበራል። መፍትሔው አንዲት መስመር ናት፦ የምንጠቀምበትን ንዑስ ሞጁል በስሙ መጥራት። እንዲህ ያለውን ስሕተት በኮድ ንባብ ሳገኝ «ሲሠራ ኖሯል እኮ» የሚል መልስ ይሰጠኛል። መሥራቱ እውነት ነው፤ የሠራበትን ምክንያት ግን ጸሐፊው አያውቀውም።

ክብ ጥገኝነትም ከዚሁ ሰንጠረዥ ይወለዳል። በዚያው የቡና ፕሮግራም ውስጥ «ሚዛን» እና «ክፍያ» የሚባሉ ሁለት ሞጁሎች ነበሩኝ እንበል። ክፍያ ኪሎውን ለማወቅ ሚዛንን በሙሉ ስሙ ይጠራል፤ ሚዛን ደግሞ በደረሰኙ ላይ ዋጋ ለማተም ከክፍያ ውስጥ «ዋጋ» የሚለውን ፈንክሽን ብቻ ነጥሎ ይወስዳል። ዋናው ፕሮግራም ሚዛንን አስቀድሞ ቢጠራ ሁሉም ይሠራል፦ ሚዛን ወደ ክፍያ ይሄዳል፤ ክፍያ ገና በመጫን ላይ ያለውን ሚዛን በሰንጠረዡ ውስጥ አግኝቶ ስሙን ይይዝና ሥራውን ይፈጽማል፤ ሚዛንም ዋጋን ያገኛል። አስቀድሞ የተጠራው ክፍያ ቢሆን ግን ሚዛን ተመልሶ ዋጋን ሲጠይቅ ክፍያ ገና አልተጠናቀቀም፤ ዋጋ የሚባል ስም በውስጡ የለም፤ ፕሮግራሙ ይወድቃል። አንድ ጠንቃቃ ባልደረባ የኢምፖርት መስመሮችን ለውበት ሲል በሌላ ቅደም ተከተል ቢያሰልፋቸው ትናንት የሠራው ዛሬ አይሠራም። እዚህ ላይ ስውሩ ጥገኝነት የቅደም ተከተል ጥገኝነት ነው፤ በየትኛውም ፋይል ውስጥ «እኔ ከእርሱ በፊት ልጠራ» የሚል ቃል አልተጻፈምና።

ብዙዎች ይህን ችግር ኢምፖርቱን ወደ ፈንክሽኑ ውስጥ በማውረድ ያስታግሡታል። አንዳንዴ የሚያስገድድ ሁኔታ አለ፤ ሆኖም እኔ እንደ ማስታገሻ እንጂ እንደ ፈውስ አላየውም። ሁለት ሞጁሎች እርስ በርስ ሲፈላለጉ አብዛኛውን ጊዜ በመካከላቸው ስም ያልወጣለት ሦስተኛ ነገር አለ። በምሳሌያችን የዋጋው ሰንጠረዥ የሚዛንም የክፍያም ንብረት አይደለም፤ የራሱ ሞጁል ሲሰጠው ሁለቱም ወደ እርሱ ይመለከታሉ፣ እርሱ ወደ ማንም አይመለከትም፣ ክቡም ይፈታል። የጎ ቋንቋ ጸሐፊዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ቋንቋቸውን ለሕዝብ ሲያሳውቁ በዚህ ጉዳይ ላይ ምርጫ አልሰጡንም፦ በፓኬጆች መካከል ክብ ካለ ኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ፕሮግራም) ፕሮግራሙን አይቀበልም፤ ተጠርቶ ያልተሠራበት ፓኬጅ ካለም አይቀበልም። ቋንቋውን የጀመረ ሰው ይህን ጭካኔ ይለዋል። እኔ በበኩሌ የቆየ ኮድ በተረከብሁ ቁጥር ያንን ጭካኔ ናፍቄዋለሁ።

ሌሎች ቋንቋዎች በየራሳቸው መንገድ ሄደዋል። በሲ ቋንቋ «ኢንክሉድ» ማለት የሌላውን ፋይል ጽሑፍ እንዳለ መቅዳት ነው፤ ስለዚህ አንዱ ሄደር (እንዲህ የሚቀዳ ፋይል) የጠራው ሌላ ሄደር እኛ ሳንጠራው ይደርሰናል፤ የዋስ ዋስ ማለት ይህ ነው። በጃቫ ኢምፖርት ስም ማሳጠሪያ ብቻ ነው፤ ክላሱ የሚፈለገው በሚያስፈልግበት ሰዓት በመሆኑ የጎደለው ነገር የሚታወቀው ፕሮግራሙ በሥራ ላይ እያለ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2017 የወጣው ጃቫ 9 ግን ሞጁሎች የሚፈልጉትን በግልጽ የሚያውጁበት ሥርዓት አመጣ፤ በዚያ ሥርዓት የዋሴ ዋስ ለእኔም እንዲታይ ከተፈለገ ዋሴ ይህን በቃል ማወጅ አለበት። ከዚህ ሁሉ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1972፣ የሶፍትዌር ተመራማሪው ዴቪድ ፓርናስ ፕሮግራምን በሥራው ቅደም ተከተል ከመከፋፈል ይልቅ፣ እያንዳንዱ ሞጁል ሊለወጥ የሚችል አንድ ውሳኔ በውስጡ እንዲሰውር አድርጎ መከፋፈል እንደሚሻል አስረድቶ ነበር። በዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል፤ የፓርናስ መሰወርና እኛ የምንነቅፈው መደበቅ ተቃራኒዎች ናቸው። እርሱ እንዲሰወር የፈለገው በሞጁሉ ውስጥ ያለውን አሠራር ነው፤ በሞጁሎች መካከል ያለው ግንኙነት ግን እንዲታይ ነው የፈለገው።

ስሞችን በጅምላ ስለማስገባት አንድ ነገር ልበል። የጎማን ወረዳ ቡናና የሊሙን ቡና በአንድ ጆንያ የቀላቀለ ነጋዴ፣ ቀማሹ ጉድለት ሲያገኝ ፍሬው ከየት እንደመጣ ሊነግረው አይችልም። በኮከብ ምልክት የሚደረገው ኢምፖርት እንደዚሁ ነው፦ የአንድን ሞጁል ስሞች በሙሉ ወደ ፋይላችን ያፈስሳል፤ ሁለት ወይም ሦስት ሞጁል እንዲህ ከፈሰሰ በኋላ አንድ ስም ከየትኛው እንደመጣ አንባቢው ሊያውቅ አይችልም። አደጋው በንባብ ብቻ አያበቃም። «ኦኤስ» የሚባለው የፓይተን ሞጁል «ኦፕን» የሚል የራሱ ፈንክሽን አለው፤ ከኦኤስ ሁሉንም ያስገባ ሰው ፋይል ለመክፈት ሁላችንም የምንጠቀምበትን፣ ከቋንቋው ጋር የሚመጣውን ኦፕን ያጣዋል፤ በቦታው ስሙ አንድ የሆነ፣ ጠባዩ ግን ሌላ የሆነ ፈንክሽን ይተካል። የቋንቋው መመሪያ ራሱ ከዚህ ያስጠነቅቃል። በመለማመጃ ላይ እንጂ በሌሎች ሰዎች በሚነበብ ኮድ ውስጥ የኮከብ ኢምፖርት ቦታ የለውም የሚል እምነት አለኝ።

ለእኛ ለአማርኛ ጸሐፊዎች ይበልጥ የሚቀርበን ስውር ጥገኝነት ግን በኢምፖርት መስመር ላይ ጭራሽ የማይታየው ነው፤ ይኸውም የፊደል ኮድ ነው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በዩኒኮድ 3.0፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት ሁሉ ቁጥር በሚሰጠው ሰንጠረዥ ውስጥ፣ ቦታውን አገኘ፤ እነዚያን ቁጥሮች በፋይል ላይ ማስፈሪያ በሆነው በዩቲኤፍ 8 ሲጻፍ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። በፓይተን የጽሑፍ ፋይል ስንከፍት የፊደል ኮዱን ካልነገርነው፣ ቋንቋው የኮምፒውተሩን ልማድ ይጠይቃል። በሊኑክስ ላይ ልማዱ ብዙ ጊዜ ዩቲኤፍ 8 ስለሆነ የገበሬው ስም በትክክል ይነበባል። ልማዱ የምዕራብ አውሮፓ ኮድ በሆነበት የዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ግን ያው ፋይል፣ በዚያው ፕሮግራም፣ ወይ እያንዳንዱ ፊደል ወደ ሦስት ባዕድ ምልክቶች ተሰባብሮ ይነበባል፣ ወይ ፕሮግራሙ በስሕተት ይቆማል። ኮዱ ውስጥ የተጻፈ አንድም የተለየ ነገር የለም፤ የተለየው ኮዱ ሳይናገር የተደገፈበት ማሽን ነው። በእንግሊዝኛ ብቻ የሚሠራ ባለሙያ ይህን ስሕተት ለዓመታት ተሸክሞ ላያገኘው ይችላል። እኛ የምናገኘው በመጀመሪያው ስም ላይ ነው። ከፓይተን 3.15 ጀምሮ ዩቲኤፍ 8 ያለማንም ልማድ መነሻ እንዲሆን ተወስኗል፤ እስከዚያና ከዚያም በኋላ ግን ፋይል በከፈትን ቁጥር የፊደል ኮዱን በግልጽ መጻፍ አንዲት ቃል ብቻ ነው የሚያስከፍለን።

እስካሁን የተናገርሁት ሥራ ስለሚያቆም ስሕተት ነው። ስውር ጥገኝነት ግን ለክፉ አሳቢ ሰውም በር ይከፍታል፤ የዚህ ታላቁ ማስረጃ እ.ኤ.አ. በማርች 2024 የታየው ነው። አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል የፖስትግሬስ ዳታቤዝ አዘጋጅ፣ ከሩቅ ሆኖ ወደ ሌላ ኮምፒውተር በምስጢር መግቢያ በሆነው በኤስኤስኤች ወደ ኮምፒውተሩ ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል እንደዘገየበት አስተዋለ። ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን መዘግየት ችላ ይላል፤ እርሱ ግን ምክንያቱን ተከታተለ፤ መጨረሻው ላይ ያገኘውም «ኤክስዜድ» በሚባለው የፋይል መጭመቂያ ውስጥ፣ በ5.6.0 እና በ5.6.1 ስሪቶች ላይ የተቀበረ የጓሮ በር፣ ማለትም ያልተፈቀደለትን ሰው የሚያስገባ ስውር መግቢያ፣ ነበር። ያንን ያስገባው ሰው ከሁለት ዓመት በላይ በቅን አገልጋይነት ሲሠራ ቆይቶ አመኔታ ያገኘ ነበር።

እኔን ከሁሉ የሚደንቀኝ መንገዱ ነው። የኤስኤስኤች ሰርቨር የመጭመቂያውን ላይብረሪ ለራሱ አይጠቀምበትም። አንዳንድ የሊኑክስ ስርጭቶች ግን ሰርቨሩ ሥራ መጀመሩን በሊኑክስ ላይ አገልግሎቶችን ለሚያስነሣው ለ«ሲስተምዲ» እንዲያሳውቅ ብለው ከሲስተምዲ ላይብረሪ ጋር አያይዘውት ነበር፤ የሲስተምዲ ላይብረሪ ደግሞ ለሌላ ተግባሩ የመጭመቂያውን ላይብረሪ ይጠራ ነበር። ስለዚህ የዓለምን ሰርቨሮች ደጃፍ የሚጠብቀው ፕሮግራም፣ አዘጋጆቹ ባልመረጡት የዋስ ዋስ በኩል፣ በጥቂት በጎ ፈቃደኞች በሚጠበቅ የመጭመቂያ ፕሮጀክት ላይ ቆሞ ነበር። የኤስኤስኤችን ኮድ ከላይ እስከ ታች ያነበበ ሰው ያንን ስም አያገኘውም። ይህን የኤስኤስኤች ሰርቨር የሚያዘጋጀው ፕሮጀክት፣ ኦፕንኤስኤስኤች፣ ከዚያ በኋላ በ9.8 ስሪቱ ያንን የማሳወቅ ተግባር ያለምንም ላይብረሪ በራሱ አጭር ኮድ እንዲፈጽም አደረገ። በኋላ ወደዚህ ውሳኔ ስለምመለስ ልብ በሉት።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ከዚያ የኅዳር ቀን ወዲህ የማደርገውን ልንገራችሁ። በኮዴ ውስጥ በስም የጠራሁት ፓኬጅ ሁሉ፣ ሌላ ፓኬጅ ይዞት ቢመጣም ባይመጣም፣ በዝርዝሬ ውስጥ በስሙ ይጻፋል። ሁለት ዝርዝር እይዛለሁ። አንዱ እኔ የመረጥኋቸው ናቸው፤ አጭር ነው፤ እያንዳንዱ መስመር ለምን እንደገባ ማስረዳት እችላለሁ። ሌላው በማሽን የሚወጣ ሲሆን የተመረጡትንና እነርሱ ያስከተሏቸውን ከነስሪታቸው ቆልፎ ይይዛል። ብዙዎች የተጫኑትን ፓኬጆች ሁሉ የሚዘረዝረውን «ፒፕ ፍሪዝ» የሚለውን ትእዛዝ አስኪደው የወጣውን አንድ ረጅም ዝርዝር ብቻ ያስቀምጣሉ። ያ ዝርዝር በአሮጌው ላፕቶፕ ላይ ቢኖረኝ ኖሮ ቻርዴትን ይይዝልኝ ነበር፤ ይህን መካድ አልችልም። ነገር ግን ጠሪውንና ተጠሪውን ቀላቅሎ ስለሚይዝ፣ ከዓመት በኋላ የትኛውን መጣል እንደሚቻል የሚያውቅ ሰው አይኖርም። የጎ ቋንቋ የዝርዝር ፋይል ይህን ልዩነት በራሱ ይጠብቃል፤ እኛ በቀጥታ ያልጠራነውን «ቀጥተኛ ያልሆነ» የሚል ምልክት ያደርግበታል። ይህ ልማድ በየቋንቋው ቢኖር እመኛለሁ።

ሁለተኛው ልማዴ ባዶ ቤት ውስጥ መሞከር ነው። አዲስ፣ ምንም ያልተጫነበት የሥራ አካባቢ እከፍታለሁ፤ ከዝርዝሬ ብቻ እጭናለሁ፤ ፕሮግራሙን አስኬዳለሁ። የራሴ ኮምፒውተር ምስክር ሊሆነኝ አይችልም፤ ለዓመታት የተከማቸ ውለታ አለበትና። ወደ ጣቢያ የሚሄድ ፕሮግራም ከሆነ ደግሞ ፓኬጆቹን በሙሉ እዚህ ከተማ ውስጥ «ፒፕ ዳውንሎድ» በሚለው ትእዛዝ በፍላሽ ላይ አውርጄ፣ ኔትወርኩን አጥፍቼ፣ ከፍላሹ ብቻ እንዲጫን አደርጋለሁ። የጎደለ ነገር ካለ ጠረጴዛዬ ላይ ይወድቅልኛል። ጭነቱም በገጠር መንገድ ኢንተርኔት እስኪመጣ አይጠብቅም።

ሦስተኛው የውጭ ፓኬጅን በአንድ በር ማስገባት ነው። ሪኩዌስትስን አሥር ፋይሎች በቀጥታ ከሚጠሩት፣ አንድ የራሴ ሞጁል ይጥራውና የቀሩት ዘጠኙ የእኔን ሞጁል ይጥሩ። በእርግጥ ይህ በትንንሽ ፕሮግራም ላይ ከልክ ያለፈ ድካም ሊሆን ይችላል፤ የሁለት መቶ መስመር ፕሮግራም ላይ አላደርገውም። ለብዙ ዓመት ይኖራል ብዬ በማስበው ላይ ግን አደርገዋለሁ። ሰዓትን፣ የፋይል አድራሻንና የመሳሰለውን ደግሞ ፈንክሽኑ ራሱ ከአካባቢው ከሚያነሣው በግቤት መልክ እንዲሰጠው ማድረግ ይሻላል፤ የፈንክሽኑን የመጀመሪያ መስመር ያነበበ ሰው የሚያስፈልገውን ሁሉ እዚያው ያየዋልና።

በጥያቄው ሰዓት አንድ ተማሪ ተነሥቶ «መምህር፣ ታዲያ ከማንም ምንም ሳንወስድ ሁሉን በራሳችን ብንጽፈውስ?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው ቀላል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በማርች 2016 «ሌፍት ፓድ» የሚባል የአሥራ አንድ መስመር የጃቫስክሪፕት ፓኬጅ ጸሐፊው ከማከማቻው ሲያነሣው፣ በዓለም ዙሪያ ብዙ ፕሮጀክቶች መገንባት አቅቷቸው ነበር። አሥራ አንድ መስመር ለመጻፍ የሌላ ሰው ዋስትና የሚያስፈልገው የለም። የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ስለሚወጣ የሚላቀቅ መጋጠሚያ የለውም፤ ተማሪው የጠየቀኝም እንዲህ ያለ ፕሮግራም ነው። ነገር ግን ቤት ሙሉ ከአንድ ግንድ አይፈለፈልም። የምስጠራ ኮድን፣ የዳታቤዝ ሞተርን፣ የዩኒኮድን ሰንጠረዥ በራሱ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው፣ ሌሎች በብዙ ዓመታት ያረሙትን ስሕተት ሁሉ እንደ አዲስ ይሠራዋል። ስለዚህ እኔ የምጠይቀው ከፓኬጁ ውስጥ በእርግጥ የምፈልገው ምን ያህል ነው የሚል ነው። ኦፕንኤስኤስኤች ያደረገውን አስታውሱ፦ የፈለገው አንዲት አጭር መልእክት መላክ ነበር፤ ለዚያች መልእክት ሲባል ግን አንድ ትልቅ ላይብረሪ፣ በእርሱም በኩል የመጭመቂያው ላይብረሪ ተከትሎት ገብቶ ነበር።

ይህንኑ ጥያቄ በራሴ ኮድ ላይ አንሥቼዋለሁ። ከዚያ ስልክ በኋላ ቻርዴትን በዝርዝሬ ውስጥ ጻፍሁት፤ ፕሮግራሙም በማግስቱ ሠራ። ሳምንት ያህል ቆይቼ ግን ቻርዴት መጀመሪያውኑ ለምን እንዳስፈለገኝ መረመርሁ። የገበሬዎቹ መዝገብ ከተለያዩ ቢሮዎች በኤክሴል ተዘጋጅቶ ነበር የሚመጣልኝ፤ አንዱ በዩቲኤፍ 8፣ ሌላው በዩቲኤፍ 16 አስቀምጦ ይልከዋል፤ ስሞቹ ሁሉ ወደ ጥያቄ ምልክት ተለውጠው የደረሱኝም ጊዜ ነበር። እኔም ላኪዎቹን ከመጠየቅ ይልቅ የፊደል ኮዱን እንዲገምትልኝ ቻርዴትን ጠራሁ። ግምት ደግሞ ግምት ነው፤ አጭር ፋይል ሲሆን ይሳሳት ነበር። ስለዚህ መዝገቡን ለሚያዘጋጁት ቢሮዎች አንድ ገጽ መመሪያ ጻፍሁላቸው፦ መዝገቡ በዩቲኤፍ 8 ይቀመጥ፤ ሲቀመጥ በኤክሴል ውስጥ የሚመረጠው ይህ ነው፤ ካስቀመጣችሁ በኋላ መልሳችሁ ከፍታችሁ የመጀመሪያውን ስም አንብቡ። በኮዴ ውስጥም ፋይሉን በሚከፍተው መስመር ላይ ዩቲኤፍ 8 የሚል ጨምሬ፣ የተላከው ፋይል ሌላ ሆኖ ሲገኝ ፕሮግራሙ የፋይሉን ስም ጠቅሶ በአማርኛ እንዲናገር አደረግሁ። ቻርዴትን ከአራተኛው መስመርም ከዝርዝሩም ሰረዝሁት። በቀጣዩ ኅዳር የሒሳብ ሠራተኛዋ እንደገና ደወለችልኝ፤ ፕሮግራሙ ከአንደኛው ቢሮ የመጣውን ፋይል አልቀበልም ብሎ እንደሆነ ነገረችኝ፤ የትኛው ፋይል እንደሆነ ግን አልጠየቀችኝም፤ ከስክሪኑ ላይ አንብባ ለቢሮው ደውላ ነበር።